የናበጋው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ከልጃቸው ከተክሌ ጋራ

ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፥ በመታሰቢያው መጽሐፍ ውስጥ ከአገራችን ሊቃውንት የአንዱን ታሪክ እንድጽፍ ስለ ታዘዝሁ የአለቃ ገብረ ሐናን መረጥሁ። እርሳቸው ለእኛ የሩቅ ሰው አይደሉም። ከሐሙሲት ተነሥቶ የጉማራን ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ፊቱን ወደ ጣና ቢመልስ የተወለዱበትን የናበጋን አገር ያገኛል። ደግሞም ስማቸውን የማያውቅ ሰው በሌለበት አገር ሥራቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። በገበያ ቀን ስለ እርሳቸው የሚነገረው ሁሉ ሣቅ ነው፤ በበዓል ሌሊት በማኅሌት የሚታየው ግን ድካማቸው ነው። በገበያ የሚሥቀውና በማኅሌት መቋሚያውን የሚያነሣው አንድን ሰው እንደሚያስታውሱ ብዙ ጊዜ አያስተውሉትም።

ስለ ትውልዳቸውና ስለ አገራቸው

አለቃ ገብረ ሐና ደስታ በ1814 ዓ.ም. በፎገራ፥ በናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበረ። ንጉሡ በጎንደር በስም ተቀምጦ፥ ሥልጣኑ ግን በደብረ ታቦር በሚቀመጡት በየጁ መሳፍንት እጅ ነበረ። የፎገራ ሜዳ በሁለቱ ከተሞች አቅራቢያ የተዘረጋ ስለ ሆነ፥ ባላገሩ ከጦርና ከስንቅ ቀለብ ተርፎ ያረሰውን በሰላም የሚበላበት ዘመን አልነበረም።

ሜዳውን እናንተ ታውቁታላችሁ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ከሐይቁ ጋራ ሲገናኙ መሬቱ ሁሉ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይነሣል፤ በወተቷ የተመሰገነችው የፎገራ ላምም በዚያ ትሰማራለች። ዛሬ ሜዳውን የሚያለብሰው ሩዝ ወደ አገሩ ከገባ ስድሳ ዓመት አይሞላውም፤ በዚያን ዘመን ቦታው የግጦሽ፥ የጤፍ፥ የሽምብራና የጓያ አገር ነበረ። በሐይቁ ዳር ደግሞ ደንገልና ሸምበቆ ይበቅላል፤ ታንኳ የሚሠራው ከደንገሉ ነው። ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ይህ ሁሉ ከማዕበሉ ጋራ አብሮ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

በእንዲህ ያለ ሜዳ የእረኛ ልጅና የካህን ልጅ በአንድነት ያድጋሉ። የልደት በዓል በደረሰ ጊዜ ልጆችና ጎልማሶች ጫፉ የቆለመመ በትር ይዘው ሩር እየመቱ በሁለት ወገን ተከፍለው ገና ይጫወታሉ። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ አይለይም፤ ጌታ ቢመታም እንዳይቆጣ የአገሩ ሥርዓት ነው። ሩጫውን፥ መታጠፉን፥ በትሩን በጊዜው ማንሣትና ማውረዱን ልጅ የሚማረው ከዚያ ነው። ከብት በሚጠብቅበት ቀን ደግሞ መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ በጠጠር ገበጣ ይጫወታል፤ ይህም ቆጠራንና ትዕግሥትን ያስተምራል። ይህን የጻፍሁት ታሪኩን በጨዋታ ለማስረዘም አይደለም። አለቃ ገብረ ሐና ለቤተ ክርስቲያን ያበረከቱት ሥራ የልብና የአካል ሥራ በአንድነት ስለ ሆነ፥ አካል ከየት እንደሚሠለጥን ማሰብ ስለሚገባ ነው።

ስለ ትምህርታቸው

የቤተ ክርስቲያን ልጅ ፊደል ቆጥሮ፥ ንባብ ተምሮ፥ ዳዊት ከደገመ በኋላ ከእናቱ ቤት ይለያል። ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ከውሻ ጋራ እየታገለ ቁራሽ ለምኖ ከመምህር ወደ መምህር ይሄዳል። አለቃ ገብረ ሐናም በዚሁ መንገድ ሄደው ቅኔን በጎጃም ተማሩ። ከዚያም ወደ ጎንደር ተሻግረው በሊቃውንቱ ጉባኤ ተቀመጡ፤ በአቋቋምና በፍትሐ ነገሥት ትምህርትም የታወቁ ሆኑ። ከዚህ በኋላ በጎንደር በበዓታ ለማርያም ለአለቅነት በቁ። የጎንደር በዓታ የአቋቋም መምህራን የሚመሰክሩባት ደብር ናትና፥ በዚያ አለቃ መሆን ታላቅ ክብር ነበረ።

በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት መካከል ያለውን ልዩነት ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። በቅኔ ቤት ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ካልቆጠረ መምህሩ አያመሰግነውም፤ የሌላውን ቢወስድ ሌባ ይባላል። በዜማ ቤት ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ከቅዱስ ያሬድ የወረደውን ግዕዙን፥ ዕዝሉንና አራራዩን አንድ ምልክት ሳይጨምር ሳይቀንስ የያዘ ተማሪ ይመሰገናል፤ ከራሱ የጨመረ ይገሠጻል። እንግዲህ አለቃ ገብረ ሐና ከሁለቱም ቤት የወጡ ሰው ነበሩ። አንዱ ቤት አዲስ አምጣ ብሎ አሳደጋቸው፤ ሁለተኛው የተሰጠህን ጠብቅ ብሎ አሳደጋቸው። የሕይወታቸው ምስጋናና ፈተና ከዚህ ተወለደ።

ስለ ጨዋታቸው

የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ከጣና ዳር እስከ ሸዋ፥ ከዚያም አልፎ በአገሩ ሁሉ ተሰምቷል፤ በመጽሐፍም ታትሟል። የቀልዱ ሥር ቅኔው ነው። አንድን ቃል በሰሙና በወርቁ ለይቶ መስማት ልማዱ የሆነ ሰው፥ በመንገድም በግብዣም የሰማውን ቃል ሁሉ ወደ ሁለት ይሰነጥቀዋል። ጌታው በአንድ ትርጉም የተናገረውን በሌላው መልሶ ያስደነግጠዋል።

ነገር ግን ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። አንደኛው፥ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ የእርሳቸው አይደለም። ቱርኮች ናስረዲን ሆጃ፥ ዐረቦች ጁሓ የሚሉት ሰው አላቸው፤ ባለቤቱ የጠፋ ቀልድ ሁሉ ለእርሱ ይሰጣል። ናስረዲንም እንደ እኛው ሊቅ የሃይማኖት መምህር ነበረ ይባላል። ሕዝብ የተማረውን ሰው ከወደደው በቀልድ ወደ ራሱ ያቀርበዋልና፥ በየአገሩ እንዲህ ሆነ። በእኛም አገር ሣቅ የሚወድ ሰው የራሱን ነገር በአለቃ ስም ሲናገር ኖረ፤ ለካህን የማይገባ ነውርም በስማቸው ተጨመረባቸው።

ሁለተኛው፥ የቃል ወጉ አለቃን ሁልጊዜ አሸናፊ አያደርጋቸውም። አህዮች የምትነዳ አንዲት ሴት በማለዳ አግኝተው የአህዮቹ እናት አድርገው ሰላምታ ቢሰጧት፥ እርሷም ሳትቆጣ እንደ እናት ልጄ ብላ መለሰችላቸው ይባላል። ታላቁ የቅኔ መምህር በአንዲት ባላገር ሴት ተረትተው በመንገድ ቆመው ሲቀሩ ማየት ለሰሚው ደስታ ነው። እንደ ገና ጨዋታው ሜዳ በዚህም ጌታና ሎሌ የለም፤ የመታ ይመታል። ሰው የሚወደው ሌላውን ብቻ የሚያዋርደውን አይደለም፤ ራሱም ሲመታ የሚሥቀውን ነው።

ሆኖም ስለታም አንደበት ዋጋ ያስከፍላል። የአለቃ ገብረ ሐና ቃል መኳንንቱንም ቤተ መንግሥቱንም ያስቀየመበት ጊዜ ነበረ። ታሪክ ጸሐፊ የሚያከብረውን ሰው ያለ ነውር አድርጎ ቢጽፍ አንባቢውን ይበድላል፤ እርሳቸው አንደበታቸውን ሁልጊዜ የገዙ ሰው አልነበሩም።

ስለ ቤታቸው

በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያናችን መነኮሳቱ በገዳም እንደሚኖሩ፥ ሕጋውያን ካህናትና ደባትር በሚስትና በልጅ መካከል ይኖራሉ። አለቃ ገብረ ሐናም ባለትዳር ነበሩ፤ ባለቤታቸው በቃል ወጉ ወይዘሮ ማዘንጊያ ተብለው ይጠራሉ። ወጉ እኒህን ሴት ዝም ብለው የሚሰሙ አድርጎ አያቀርባቸውም፤ ለባላቸው ቃል ቃል የሚመልሱ የቤቱ እመቤት ናቸው እንጂ።

የደብተራ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደ ሆነ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። መተዳደሪያው ከደብሩ የሚያዝ መሬት ነበረ፤ አገልግሎቱን ያጓደለ ደብተራ መሬቱን ሊያጣ ይችል ነበረ። ስለዚህ የማኅሌቱ ሥራ ለነፍስ ብቻ አልነበረም፤ የልጆችም እንጀራ ነበረ። በዓል ሲደርስ አባት ከማታ ጀምሮ ቤት አይገኝም፤ ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያድራል። ከዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ከፍልሰታ 15 ቀን፥ ከረቡዕና ከዓርብ ጋራ ጾሙ ሲቆጠር፥ በዚህ ቤት ወጥ ከቅቤ የሚገናኝበት ቀን ጥቂት ነው። ተማሪዎች በደጅ ይሰበሰባሉ፤ እናት ለእነርሱም የሚሆን ቆሎና ቁራሽ ታስባለች። ሊቁ በጉባኤ ሲመሰገን፥ በመጁ ላይ ያደረችውን ሴት የሚያስባት ጥቂት ነው። ሊቅነት ግን ያለ እርሷ ወፍጮ አይቆምም።

ልጅስ በዚህ ቤት እንዴት ይማራል? የዜማውን መጽሐፍ ሳይገልጥ በፊት ዜማው በጆሮው ይገባል። አባቱ በምድጃው አጠገብ ሲያንጎራጉር፥ ተማሪዎች ሲቀጽሉ፥ በበዓል ቀን ጸናጽሉ ሲንሿሿ ሰምቶ ያድጋል። የጭራሮ እንጨት አንሥቶ እንደ መቋሚያ ይመረኮዛል። አለቃ ገብረ ሐናም እንዲህ ያለ ልጅ ነበራቸው፤ ስሙም ተክሌ ይባላል።

ስለ አዲሱ ዝማሜ

አቋቋም የሚባለው ትምህርት ዜማውን በአካል የመፈጸም ሥርዓት ነው። መጀመሪያ ሊቃውንቱ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይላሉ። ቀጥሎ መቋሚያውን ይዘው ሰውነታቸውን እያንቀሳቀሱ ይዘምማሉ፤ ይህ ዝማሜ ነው። ከዚያም ከበሮና ጸናጽል ገብቶ መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻም በጭብጨባ ፈጥኖ በጸፋት ይፈጸማል። ይህን ሁሉ ሌሊቱን ቆሞ ለመፈጸም የጠና ጉልበት፥ የቀና ወገብና የማይደክም ክንድ ያስፈልጋል። በሜዳ የሚሮጥ ጎልማሳ ከቀትር እስከ ማታ ቢሮጥ ይደነቃል፤ ሽማግሌው ደብተራ ግን ጾሞ ከማታ እስከ ንጋት ሲቆም ማንም አይደነቅም፤ ለምደነዋልና።

አለቃ ገብረ ሐና ይህን ትምህርት ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። ቀድሞ የነበረው እንቅስቃሴ መቋሚያውን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወጣና የሚያወርድ ነበረ። እርሳቸው ያወጡት ግን ሰውነትንና መቋሚያን ወደ ጎን፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወዛውዝ ሆነ። ይህንም ከጣና ማዕበልና በዳሩ በነፋስ ከሚያዘነብለው ሸምበቆ አይተው እንዳወጡት ይተረካል። ለፎገራ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይደለም፤ በልጅነታቸው ዘወትር ያዩት ነበርና። ቅዱስ ያሬድ ከአዕዋፍ ዜማ ሰማ ብለን የምናምን እኛ፥ ሊቁ ከሸምበቆ ዝማሜ ተማሩ ቢባል ልንደነግጥ አይገባም። ፍጥረት ሁሉ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ከሆነ፥ ሸምበቆውም በሐይቁ ዳር ቆሞ የሚዘምም ደብተራ ነው።

አስተውሉ፤ አለቃ ገብረ ሐና የያሬድን ዜማ አልለወጡም፤ የድጓውንም ቃል አልነኩም። የለወጡት ለዚያው ዜማ አካል የሚታዘዝበትን መንገድ ብቻ ነው። የዜማ ቤት ጠብቅ ያላቸውን ጠበቁ፤ የቅኔ ቤት አዲስ አምጣ ያላቸውን አመጡ።

ጎንደር እንዳልተቀበለው

ነገር ግን የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ዝማሜ አልተቀበሉትም። ከአባቶች ያልወረደ ነው ብለው እምቢ አሉ። በገዛ ደብር ባልንጀሮች መካከል መናቅ ከባላጋራ ሰይፍ ይብሳል፤ የደብተራ ክብሩም እንጀራውም በዚያ ማኅበር ውስጥ ስለ ሆነ።

እኛ ግን የጎንደርን ሊቃውንት ለመንቀፍ አንቸኩል። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። በዚያ ሁሉ እሳት ውስጥ ዜማው ሳይጠፋ የተረፈው፥ አንዲት ምልክት እንኳ አንለውጥም የሚሉ እልከኞች ሊቃውንት በልባቸው ስለ ያዙት ነው። ያ እልከኝነት ባይኖር ኖሮ አለቃ ገብረ ሐናስ የሚያስጌጡትን ዜማ ከየት ያገኙት ነበር? ጠባቂ የሌለው ቤት ይዘረፋል፤ መስኮት የሌለው ቤትም ይጨልማል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ትሻለች።

ስለ ተክሌ

እንግዲህ የተናቀ ሊቅ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ በቁጣ ከማኅበሩ ተለይቶ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ሥራውን ቀብሮ ዝም ይላል። አለቃ ገብረ ሐና ቃልን በቃል መምታት የሚያውቁ ሰው ሲሆኑ በዚህ ነገር በቀልድ አልተከራከሩም። ወደ ቤታቸው ተመልሰው ዝማሜውን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ጉባኤው የከለከላቸውን ቤታቸው ተቀበለላቸው።

አባትን መምህር ማድረግ ቀላል አይደለም። አባት ለሌላው ተማሪ የሚታገሠውን ለልጁ አይታገሥም፤ ልጅም ከሌላው መምህር የሚቀበለውን ከአባቱ አይቀበልም። ተክሌ ግን ተቀበለ። የተቀበለውም ሌሎች የናቁትን ነገር ነበረና፥ ከትምህርቱ ጋራ የአባቱን ነቀፋ አብሮ ተሸከመ። በጎንደር ቢቀር የሚሰማው ባላገኘም ነበር፤ ስለዚህ ወደ ደብረ ታቦር ሄዶ በዚያ አስተማረ። የደብረ ታቦር ሊቃውንት ወደዱት፤ ተማሪዎችም ከየአገሩ ተሰበሰቡ። ዝማሜው የተክሌ ዝማሜ፥ ትምህርቱም የተክሌ አቋቋም ተባለ። ደብረ ታቦር ኢየሱስም የዚህ ትምህርት መመስከሪያ ሆነ። በደቡብ ጎንደር ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ እንደሚሄድ ተማሪ ሁሉ፥ ለተክሌ አቋቋም ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ በዛ።

በዚህ ቦታ የቅኔ ተማሪ ሊያልፈው የማይችል ነገር አለ። ተክሌ ማለት ተክሌ፥ የእኔ ተክል ማለት ነው። አባትየው ከሐይቅ ዳር ተክል የተማሩትን በቤታቸው ተክል ላይ አኖሩት፤ ፍሬውም የተጠራው በተካዩ ስም ሳይሆን በተክሉ ስም ነው። በገበያው ቀልድ ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ በአባትየው ስም ሲጠራ፥ በማኅሌቱ ግን የአባትየው ሥራ በልጁ ስም ተጠራ። ያላወጡትን ሰጧቸው፤ ያወጡትን ለልጃቸው ተዉላቸው። ስሙን በሥራው ላይ ለመጻፍ የሚታገል ሰው ብዙ ነው፤ ሥራው እንዲኖር ስሙን የተወ አባት ግን ለልጁ ርስት ሰጥቷል።

ስለ ኋለኛው ዘመናቸው

አለቃ ገብረ ሐና ከራስ ዓሊ ዘመን ጀምሮ ዐፄ ቴዎድሮስን፥ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን፥ ዐፄ ዮሐንስን አልፈው እስከ ዐፄ ምኒልክ መንግሥት ደረሱ። ወደ ሸዋም ሄደው በምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ቤተ መንግሥት ተከብረው ኖሩ፤ አንደበታቸው ግን በዚያም አላረፈም፤ ብዙው የቤተ መንግሥት ቀልድ በስማቸው የሚነገረው ከዚህ ዘመን ነው። በመጨረሻም በ1898 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ሆነው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ በጎንደርም በሸዋም፥ በከተማም በገጠርም የተክሌ ዝማሜ ይታያል። የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዓለም የቅርስ መዝገብ በተጻፈ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ቆሞ የሚያደንቀው፥ ነጭ የለበሱ ሊቃውንት በአንድነት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዛወዙ ነው። ያ እንግዳ የፎገራን ሸምበቆ እንደሚያይ አያውቅም፤ እኛ ግን ማወቅ ይገባናል።

ምክር ለቤተሰብ ሁሉ

ይህ የኢዮቤልዩ በዓል ያለፉትን ዓመታት የምንቆጥርበት ብቻ አይሁን። የደብራችን ማኅሌት በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ የሚቆምለት ልጅ ዛሬ በየቤታችን አለ። ኳስ ሲጫወት የሚውለውን ልጅ ካህን አባቱ ስለ ጨዋታው አይምታው፤ ያ ጉልበት ነገ ሌሊቱን በማኅሌት የሚቆምበት ጉልበት ነውና። ይልቁንስ ማታ ሲመለስ ቤቱ ዜማ የሚሰማበት ቤት ይሁንለት። ልጅ አዲስ ነገር ሲያመጣ ሽማግሌዎች መርምሩት እንጂ ሳትሰሙ አትመልሱት፤ ወጣቶችም ሽማግሌዎች ሲከለክሏችሁ የጠበቁላችሁን አስቡ። በጉባኤ ያልተሰማ በጎ ነገር በቤት ቢጠበቅ ቀኑ ሲደርስ ይሰማል፤ በቤት የጠፋውን ግን ጉባኤ አያስነሣውም።

እግዚአብሔር አምላካችን የአለቃ ገብረ ሐናንና የልጃቸውን የተክሌን ነፍስ ከደጋጎቹ ካህናት ጋራ ያሳርፍልን፤ እኛንም ለሚመጣው ኢዮቤልዩ ከነልጆቻችን በሰላም ያድርሰን፤ አሜን።